ሠርክአዲስ ያለፈችው ኩሬ

ሠርክአዲስ ክንዱ እፍረትን የተማረችው ከፊደል በፊት ነው። አባቷ የኔታ ክንዱ ከማንኩሳ ወዲያ፣ ከመኪና መንገድ ራቅ ባለ ደብር የቅኔ መምህር ናቸው። ከሽንዲም ከግሽ ዓባይም የመጡ ተማሪዎች በደብሩ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ይማሩባቸዋል። እንዲህ ባለ ቤት የተወለደች ሴት ልጅ ድምፅዋ ከአጥር አይወጣም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች፤ ቢጠይቋት መሬት መሬት እያየች ባጭሩ ትመልሳለች። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። የኔታ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ያ ሁሉ ጎረምሳ ጸጥ ሲል እያየች አደገች፤ በቃ።

በቀበሌው ትምህርት ቤት መልሱን እያወቀች እጇን አታወጣም ነበር። መምህሩ ዐይኗን አይተው ካላስነሷት በቀር ማወቋን የሚያውቅላት አልነበረም። ስትነሣም መልሱን የምትናገረው ለደብተሯ እንጂ ለክፍሉ አይመስልም። ቢሆንም ፈተና በጽሑፍ ነውና ከዓመት ዓመት እያለፈች ፍኖተ ሰላም ደረሰች። እዚያ ከሁለት ያገር ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት የሚመጣውን ስንቅ እየተካፈሉ ዘጠነኛ ክፍልን ጀመሩ።

አንድ ቀን በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ መምህሯ ወደ ሰሌዳ ጠሯት። የአበባ ክፍሎችን እንድትሥል ነበር። ስትነሣ ከኋላዋ ሹክሹክታ ሰማች፤ ቀጥሎም የወንዶች ሳቅ። ወንበሯን ዘወር ብላ ስታይ ደም ነክቶታል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ጓደኞቿ ቢለምኗት፣ ቢቆጧት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ጨነቃቸውና በገበያተኛ ወደ ቤት ላኩባት።

እናቷ ንግሥቴ መጣች። ትንሿ ክፍል ገብታ ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠች።

«ታመምሽ እንዴ?»

«አልታመምሁም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

ሠርክአዲስ በሹክሹክታ ነገረቻት። ንግሥቴ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። «እኔም እንዲሁ ሆኜ ነበር» አለች። «ያውም በሠርጌ ሰሞን፣ ባማቶቼ ፊት። መሄጃ ስላልነበረኝ እዚያው እያፈርሁ ኖርሁ። አንቺ መሄጃ አለሽ። ያፈረ አያፈራም ልጄ፤ ተነሽ።»

በማግስቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሸኘቻት። ሠርክአዲስ ግን በሩ ጋ ስትደርስ፣ የእናቷን ቅቤ የተቀባ ጠጉርና ያደፈ ቀሚስ የክፍሏ ልጆች እንዳያዩባት ብላ ሳትሰናበታት ሮጣ ገባች። ዞር ብላ ያየችው ከግቢው መሀል ከደረሰች በኋላ ነው። ንግሥቴ እዚያው ቆማ እጇን ወደ ላይ አንሥታ ነበር። ለስንብት ይሁን ፀሐይ ለመከለል አላወቀችም።

የመሰናዶ ፈተናውን ስታልፍ ከዚያ ደብር አካባቢ ዩኒቨርሲቲ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የኔታ አልከለከሉም። ትምህርቷን ወድደውላት ግን አልነበረም። ልጅህን ለልጄ የሚሉ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እሳቸውም፣ «መንግሥት የጠራትን ልጅ ባስቀር ሰው ምን ይለኛል?» ብለው መለሷቸው። ባሕር ዳር ስትሄድ ጉልበታቸውን ስማ ቀና ስትል፣ «ስሜን አደራ» አሏት። ሌላ አላሉም።

ዩኒቨርሲቲው እፍረቷን በእንግሊዝኛ አደረገባት። የሚነገረው ቶሎ አይገባትም፤ የገባትንም አፏን ሞልታ አትናገረውም። በመጀመሪያው ዓመት መምህራቸው ዶክተር ቴዎፍሎስ ተማሪዎቹን ቤተ ሙከራ አስገብተው፣ ከኩሬ የተቀዳ ውኃ በማይክሮስኮፕ እያዩ ያዩትን እንዲሥሉ አዘዟቸው። ሠርክአዲስ ማይክሮስኮፕ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። አጎንብሳ ብታይ ጥቁር ጥቁር፣ ቀጫጭን፣ የሚርገበገብ ነገር ታያት። ደስ አላት። አንድ በአንድ ሣለችው።

ዶክተሩ እየዞሩ ሲያዩ እሷ ጋ ደረሱና ወረቀቱን አነሡት።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ያየሁት ነው።»

«ያየሽውማ የራስሽን ሽፋሽፍት ነው» አሉ።

ክፉ ብለው አልነበረም፤ ነገሩ አስገርሟቸው ነው። ክፍሉ ግን በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በካፌው ሰልፍ ላይ ሳይቀር ዐይኑን እያርገበገበ የሚያልፋት አልጠፋም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አጠገቧ የምትሠራው ሜላት፣ የዚያው የባሕር ዳር ልጅ፣ «አየሽ?» ስትላት፣ «አየሁ» አለች። ምንም አላየችም። የሜላትን ሥዕል አሳምራ ገለበጠችው።

ዶክተር ቴዎፍሎስ ቢሯቸው ጠሯት። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አኑረው ጠበቋት።

«ይኸኛው ስሕተት ነው፤ ግን ያንቺ ነው» አሉ ሽፋሽፍቱን እያሳዩ። «ይኸኛው ልክ ነው፤ ግን የሜላት ነው። ሽፋሽፍት የሣለ ተማሪ ነገ ሌላ ነገር ያያል። ያላየውን አየሁ ያለን ግን ምን አደርገዋለሁ?»

ሠርክአዲስ አለቀሰች። እሳቸው ግን የቤተ ሙከራውን ኃላፊ አስጠርተው፣ ሌላው ተማሪ በሌለበት ሰዓት እንድትገባ አስፈቀዱላት። ዐይኗን ከመነጽሩ ምን ያህል ማራቅ እንዳለባት፣ ብርሃኑን እንዴት እንደምታሳንስ ብቻዋን እየታገለች ለመደችው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በዚያች ክብ ብርሃን ውስጥ አንዲት ነፍስ ያላት ፍጥረት ስትዋኝ አየች። ማንም ሳያያት ፊቷን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ከዚያ በኋላ ያን ክፍል ለቃ አታውቅም። በማዕረግ ተመርቃ ረዳት መምህር ሆና ቀረች፤ ቀጥላም በሰው አካል ውስጥ የሚኖሩ ጥገኛ ትላትልን ልታጠና ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች። በትምህርት ክፍሉ ይህን ያጠናች ሴት ከእሷ በፊት አልነበረችም።

ችግሩ የትሉን እንቁላል ለማየት የሰው ሰገራ ማስፈለጉ ነበር። ዶክተር ቴዎፍሎስ፣ «ያገርሽን ሰው ቋንቋም ጠባይም ታውቂያለሽ» ብለው ጥናቷ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች እንዲሆን ወሰኑ። ሠርክአዲስ ሌላ አገር እንዲሆንላት ልትለምናቸው ከቢሯቸው ደጃፍ ደርሳ ተመለሰች። ምን ብላ ትንገራቸው? አባቴ የቅኔ መምህር ናቸውና ያገሬን ሰው ሰገራ ስጡኝ ማለት አፈርሁ ልትል ነው?

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ስትመለስ ናሙናው ያለበትን የበረዶ ሣጥን ጭኗ ላይ ታደርጋለች። አንድ ጊዜ አጠገቧ የተቀመጡ እናት፣ «ምንድን ነው ልጄ፣ ቅቤ ነው?» አሏት።

«ክትባት ነው እማማ።»

«እሰይ፣ ተባረኪ» ብለው ሣጥኑ እንዳይጨናነቅ ራሳቸውን ሰብሰብ አደረጉላት። እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

እንዲህ ያለ ወሬ አይደበቅም። የየኔታ ክንዱ ልጅ ይህን ሁሉ ዓመት ተምራ፣ ክዳን ያላት ዕቃ ለሕፃናት እያደለች ሰገራ ትለቅማለች ተባለ። ንግሥቴን ወፍጮ ቤት፣ «እውነት ነው?» ብለው ጠየቋት። እሷም፣ «ሐኪሞች የሚያዝዙት ነው» ብላ እህሏን ሳታስፈጭ ተመለሰች። ከየኔታ ጆሮ ሳይደርስ አልቀረም፤ ግን አንሥተውት አያውቁም። ልጃቸው ቤት ስትመጣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቋታል። ስለ ሥራዋ አይጠይቋትም።

በዚያው ሰሞን የደብሩ ንግሥ ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱና ተማሪዎቹ ዳስ ውስጥ ተቀምጠው ሲበሉ ሲጠጡ፣ ከየኔታ ተማሪዎች መካከል ይታገሱ የሚባል የሽንዲ ልጅ እንዲቀኝ ተጋበዘ። ቅኔ የሚዘርፍበት አፉ የሚፈራ፣ ዲያቆን፣ ቀጭን ረጅም ጎረምሳ ነው። ግእዙን አሳምሮ ጨረሰና ጨዋታውን ወደ አማርኛ መለሰው፦

«ሌላው ወርቅ ብሎ ምድር ሲቆፍር፣
ሠርክ አዲስ ትል ታያለች በዓይነ ምድር።»

የኔታ ክንዱ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲሰሙ የኖሩ ናቸው። ሰሙና ወርቁ እንዲያ ሲገጥም አፋቸው ሳያማክራቸው፣ «ይበል» አለ። ያለቀ ነገር ሆነ። ዳሱ በሳቅ ሞላ፤ የኔታም ምን እንዳሉ የገባቸው ኋላ ነው። ጽዋቸውን እንዳነሡ ቀሩ። ሠርክአዲስ ከሴቶቹ ጋር ጠላ እያቀረበች ነበር። ማንቆርቆሪያውን ላንዲት ልጅ ሰጥታ በዳሱ ጓሮ ወጣች። ስሟ ራሱ ስድብ ሆነባት። ከሳቁ ሁሉ ይልቅ ጆሮዋ ላይ የቀረው የአባቷ «ይበል» ነበር።

ጥናቷ ግን መጨረስ ነበረበት። ከደብሩ በታች የመስኖ ቦይ የሚሞላው ኩሬ አለ። ሠርክአዲስ የቢልሃርዝያን ትል የሚያሳድሩትን ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ፍለጋ ቦዩን ተከትላ ስትወርድ በዚያ ኩሬ ዳር ቄጠማ ላይ ተለጥፈው አገኘቻቸው። ሰብስባ ወስዳ ብርሃን ላይ ስታኖራቸው የትሉን እጭ ወደ ውኃው ለቀቁት። የሰው ቆዳ በስቶ የሚገባው ይኸው ነው። በኩሬው ልብሳቸውን የሚያጥቡት፣ የሚታጠቡት፣ ውኃ የሚቀዱት የቅኔ ተማሪዎች መሆናቸውን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች።

ዶክተር ቴዎፍሎስ ካርታውን እያዩ፣ «በዚህ ኩሬ የሚጠቀመው ማነው?» አሏት።

«ከብት ነው» አለች።

ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነበር። ያን የሽንዲ ልጅ ዕቃ ዘርግታለት፣ «ስጠኝ» ስትለው፣ ጓደኞቹ ሲጠቃቀሱ፣ አባቷ ፊታቸውን ሲያዞሩ ታይቷት ነበር። ጥናቱ ስለ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ልጆች እንጂ ስለ ቆሎ ተማሪ አይደለም ብላ ራሷን አጽናናች። በጥናቷ መነሻነት ለየትምህርት ቤቱ መድኃኒት ሲታደል የቅኔ ቤቱ ሳይነካ ታለፈ። ሠርክአዲስም ተመረቀች፤ ጥናቷ ታትሞ ተመሰገነላት፤ ሦስተኛ ዲግሪዋን ጀመረች።

ዓመት አልፎ፣ አንድ ቀን ቤተ ሙከራ ሳለች ንግሥቴ ደወለች። ይታገሱ አቋቋም ላይ እንዳለ ደም አስታውኮ ወድቋል፤ በባጃጅ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አድርሰውታል፤ የኔታም አብረው ሄደዋል። «ሆዱ ከተነፋ ቆይቷል አሉ» አለች ንግሥቴ። «አንቺ ታውቂ እንደሁ ብዬ ነው።»

ሠርክአዲስ ስልኩን ዘግታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ታውቃለች። ዐይኗን ገልጣ የምታውቀው ነገር ነበር።

ሆስፒታሉ ስትደርስ የኔታ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው ተቀምጠው ነበር። ሐኪሞቹ ጉበቱና ጣፊያው ተጎድቷል፣ ወደ ባሕር ዳር ይላካል ብለዋቸዋል። አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባየ፣ ከኩሬው ነው» አለች። «ውኃው ውስጥ በሽታ አለ። ተማሪዎቹ ሁሉ ሳይዛቸው አይቀርም።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ጥናቴን ስሠራ።»

የኔታ ዘወር ብለው አዩዋት። «ያኔ? ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አፈርሁ።»

«ማንን?»

«እርስዎን። እሱንም። ዳሱ ውስጥ ያለውን ሰምቻለሁ።» ቀሪውን ለመናገር ጊዜ ወሰደባት። «እፍረት ብቻ መሆኑንም አላውቅ፤ ቂምም ሳይኖርበት አይቀርም።»

የኔታ አይዞሽ አላሏትም። ድምፃቸው ወርዶ፣ «የልጆቹን ሆድ እኔም አይ ነበር» አሉ። «የቆሎ ተማሪ ሆዱ ይነፋል፣ ቁራሽና ጥሬ ነው እያልሁ አልፈዋለሁ። ልጄ እዚህ አገር ስለ ሆድ በሽታ ልትመረምር መጥታ እኔ አንድ ቀን ምን አገኘሽ ብዬ አልጠየቅሁሽም። ብጠይቅሽ ሰው ይሰማል ብዬ። ያን ዕለትም ይበል ብዬ ሳቅሁብሽ።»

«አልሳቁም።»

«ይበል ካልሁ ምን ቀረኝ?» አሉ።

ይታገሱን ልታየው ስትገባ ከንፈሩ አመድ መስሎ ነበር። አወቃት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«እትየ ሠርኬ» አላት ቆይቶ፣ «የሰቀዘኝ የተናገርሁት ነው መሰለኝ። የሰው ልጅ አዋርጄ።»

«አይደለም፤ ውኃው ነው» አለችው። «ውኃው መሆኑንም እኔ አውቅ ነበር።» እሱ ግን ትኩሳቱ እያደከመው ስለ ነበር መስማቱን አላወቀችም። ደግማ ለመናገር አፏ አልታዘዝ አላት።

ወደ ባሕር ዳር ተመልሳ መጀመሪያ የሄደችው ዶክተር ቴዎፍሎስ ዘንድ ነው። «ከብት ነው ያልሁዎ ውሸት ነበር» አለቻቸው። መምህሯ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። አልጮኹባትም፤ ጮኸውባት ቢሆን ይቀላት ነበር። «የታተመው እንዲታረም ትጽፊያለሽ» አሉ። «ምክንያቱንም ትጽፊያለሽ። ከዚያ ተማሪዎቹ ጋ ትሄጃለሽ።»

ማረሚያው እስከዚያ ከጻፈችው ሁሉ የከበዳት ነበር። ባልደረቦቿ አነበቡት። አንዳንዱ በአዳራሹ ሲያልፋት ሰላምታው አጠረ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ሕዝቡ እንዳይበተን አስቆሙ። ሠርክአዲስ ከሴቶቹ በኩል የናሙና ዕቃዎቹን ይዛ ቆማለች። የኔታ ነገር ማሳመር የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ቃላቸው ደረቅ ነበር።

«ይታገሱ የታመመው ከኩሬው ነው። ልጄ ልትመረምረን መጥታለች። ተማሪ የሆነ ሁሉ ይስጣት። እኔም ከዚያው ኩሬ ስጠጣ የኖርሁ ነኝ፤ ከእኔ ትጀምር።»

ወደ እሷ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ። ሠርክአዲስ ዕቃውን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ዐይናቸውን አላየችም፤ እሳቸውም አላዩዋትም። ሕዝቡ መሬት መሬት ያያል። የኔታ መቋሚያቸውን ባንድ እጃቸው፣ ያችን የፕላስቲክ ዕቃ በሌላው ይዘው፣ ቀስ እያሉ በደብሩ አጥር ማዶ ወደ ቁጥቋጦው ወረዱ። ከዚያ አንዱ ተማሪ ተነሣ፤ ሌላው ተከተለው።

አብዛኞቹ ተይዘው ተገኙ። የአባቷን ራሷ አየችው። ጎኑ ላይ እሾህ ያለው እንቁላል ወለል ብሎ በብርሃኑ መሀል ተኝቶ ነበር። ቀና ብላ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ እንደ ሌላው ሁሉ መዘገበችው። ከወረዳው ጤና ጥበቃ መድኃኒቱን አስመጥታ ሁሉም ዋጡ። የቀበሌው ሰውም ለተማሪዎቹ ከምንጭ በቧንቧ ውኃ ሳበላቸው፣ መጸዳጃ ቤት ተቆፈረላቸው። ያ ሁሉ ባንድ ዓመት አልሆነም፤ ጭቅጭቅም አልጠፋበትም።

ሠርክአዲስ ሦስተኛ ዲግሪዋን የተሟገተችው መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ነው። ከቤት ማንም ሊመጣላት አልቻለም። በትምህርት ክፍሉ ዶክተር የተባለች የመጀመሪያዋ ሴት ናት ተብሎ ተጨበጨበላት። ሲያጨበጭቡላት ከነበሩት መካከል ያን ማረሚያ ያነበቡ እንዳሉ ስለምታውቅ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ጋዜጠኛ መጥቶ ለልጃገረዶች ምን ትመክሪያለሽ ሲላት የምትለው ጠፋት። ኋላ ላይ፣ «አትፈሩ እላቸዋለሁ» ብላ ተናገረች፤ ቤቷ ገብታ ግን ይህን ለማለት እኔ ማን ነኝ ስትል ዋለች።

ይታገሱ ተርፏል። ሸክም አይችልም፤ ጾሙን በሐኪም ትእዛዝ ያቃልላል፤ በየጊዜው ባሕር ዳር ይመላለሳል። የኔታ እርጅና ሲጫናቸው ጉባኤውን እሱ ያስኬድላቸው ጀመር። ሠርክአዲስ መንገዱ በተከፈተ ቁጥር ተማሪዎቿን ይዛ ስትመጣ ከየትኛውም ትምህርት ቤት በፊት የምትጀምረው ከቅኔ ቤቱ ነው።

ባለፈው መስከረም መኪናው ሲቆም ይታገሱ ከዋርካው ሥር ተቀምጦ ነበር። ሰላምታ ተለዋውጠው አጠገቡ ተቀመጠች።

«እትየ ሠርኬ፣ ሆስፒታል ተኝቼ የነገርሽኝን ሰምቻለሁ። ያኔ ኩሬውን ስታገኚው ናሙና ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር ብለሽ ታስቢያለሽ?» አላት።

«አንተ ምን ትላለህ?»

«አልሰጥሽም ነበር መሰለኝ። ሌላ ግጥም እገጥምብሽ ነበር።»

«ቢሆንም መጠየቅ ነበረብኝ።»

ይታገሱ ነጠላውን ትከሻው ላይ መለስ አደረገ። ሊያጽናናት የፈለገ ይመስል ነበር፤ ግን አላደረገውም።

«ነበረብሽ» አላት።

ፊቷ ጋለ። ተማሪዎቿ ሣጥኖቹን ከመኪናው እያወረዱ ወዴት እናድርጋቸው ብለው ጠሯት፤ ተነሥታ ሄደች።